ሙሽሪት ወገኗ ማን ነው?

ዝንብ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ወይ እሽ ትላላችሁ፣ ወይ ነጠላ ጫማ ታነሳላችሁ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የካፌውን ሽሮ ችዬ፣ ጥቁር ጋውን ለብሼ፣ እናቴን በደስታ አስለቅሼ የተመረቅኩት ዝንቧን ቁጭ አድርጌ «የማን ወገን ነሽ?» ብዬ እንድጠይቅ ነው። በቃ፣ እንጀራዬ ይሄ ነው። እናቴ ለሰው ስታወራ «ባዮሎጂ ነው የጨረሰችው» ትላለች። «ታዲያ ሐኪም ናት?» ሲሏት «እ... የውሃ» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ታዲያ ይቺን «የማን ወገን ነሽ» የምትል ጥያቄ ብጠይቅ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ከያለበት ታክሲ ተሳፍሮ መጣብኝ። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ማለቴ፣ ቀስ ለማለት እሞክራለሁ፤ ያጠፋኝም ችኮላዬ ነው።

የምሠራበት ቢሮ መስቀል ፍላወር ነው፤ የወንዝ ውሃ ይመረምራል። ከላያችን ጂም አለ፣ ከሥራችን ፀጉር ቤት። ጂሙ ብረት ሲጥል ማይክሮስኮፔ ይዘላል፤ ስለዚህ እኔ የማየው ትል ሁሉ ስፖርት የሚሠራ ነው የሚመስለኝ። የተቀጠርኩት ለሙከራ ነው። ሙከራ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ፈገግ ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ማታ ስትወጪ ጃኬትሽን ወንበሩ ላይ ጥለሽ ለመሄድ ትፈሪያለሽ። ያቺ ሰኞ የሙከራዬ መጨረሻ ነበረች። ወይ ቋሚ፣ ወይ «ሲቪሽን እንይዘዋለን»።

አለቃዬ ዶክተር ሰናይት ትባላለች። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት፤ እዚህ እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን ግን «እሷ» ልበላት። ዶክተር አትቆጣም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ስታዝንብሽ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅልና ዝም ብላ ታይሻለች፤ ያኔ የልጅነት ኃጢአትሽን ሳይቀር መናዘዝ ያምርሻል። ደግሞ አንድ አመል አላት። የፈረንጅ የምድብ ስም ቢሮ ውስጥ አታስወራም። «ሪፖርታችንን የሚያነበው ወረዳ ነው» ትላለች፤ «ለወረዳ ጂነስ ብትይው አዲስ የግብር ዓይነት ነው የሚመስለው።» ስለዚህ ፋሚሊ አይባልም፣ አስተኔ ነው። ስፒሺስ አይባልም፣ ዝርያ ነው። ጂነስ አይባልም፣ ወገን ነው። አዎ፣ ወገን። ያው ሰርግ ላይ የሙሽራው ወገን፣ የሙሽሪት ወገን የምንለው። ቃሉ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፣ እሷ አልፈጠረችውም። ግን እኔ በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ «የዚች ትል ወገን» ባልኩ ቁጥር የሰው ቤት የማማ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት መረቤንና ባልዲዬን ይዤ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ወዳለው ወንዝ ተላክሁ። ባንተ ይቀጡ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ነቢይ ሳይሆን አይቀርም፤ የተቀጣሁት እኔ ሆንኩ እንጂ። እዚያ ውሃ ውስጥ ምን እንደማገኝ ሳልወርድ አውቀዋለሁ፤ ቀይ ትል፣ የትንኝ እጭ፣ ፌስታል፣ አንድ እግር ጫማ። ሁልጊዜ አንድ እግር ነው። ሌላኛው እግር የት እንደሚሄድ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም።

መረቤ ላይ ካለፈው ሳምንት የደረቀ ጭቃ ነበረበት። መመሪያው «መረቡን በንጹህ የቧንቧ ውሃ እጠቢ» ይላል። የቧንቧ ውሃ፤ ውሃ በማይመጣበት በሐሙስ ቀን! ስለዚህ መንገዴ ላይ እትዬ ዘይነባ ግቢ ጎራ አልኩና፣ በዝናብ ውሃ በርሜላቸው ውስጥ ነከር፣ ራገፍ፣ ሄድኩ። ይቺን «ነከር» ያዙልኝ፤ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

እትዬ ዘይነባ የካዛንቺስ ጎረቤታችን ናቸው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ በርበሬና ቅመም ሸጠው ልጆች ያሳደጉ፣ እኛንም ጭምር ያሳደጉ ሴት ናቸው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ገሚሱ ገላን ሄደ፣ ገሚሱ አያት፤ እኛ ቄራ ኪራይ ቤት ገባን። የእሳቸው ግቢ ጫፍ ላይ ስለሆነ ተራው እስኪደርስ ቀርቷል። ከጎን ያለው ሁሉ ተነስቶ ያቺ አንዷ ግቢ ቀጥ ብላ ስትታይ፣ የድሮ ሰው አፍ ውስጥ የቀረች የመጨረሻ ጥርስ ነው የምትመስለው።

ሰፈሩ አሁን አምሯል፤ አልዋሽም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አበባ፣ የብስክሌት መስመር። ችግሩ፣ የብስክሌቱ መስመር የሚያልፈው በእኛ ሳሎን ነው። ማለቴ፣ ሳሎናችን በነበረበት። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ «ቁም ሳጥኑ እዚህ ነበር፣ አልጋው እዚህ...» እያልኩ ስለካ፣ ጥበቃው «እህት፣ ሳር አትርገጪ» አለኝ። «ጓዳችን ነው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሳሩን አየና፣ «ቢሆንም» አለ።

ለማንኛውም ወንዙ ገባሁ፤ መረቤን ጣልኩ፤ አወጣሁ። ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ቀይ ትል። ቀይ ትል። ፌስታል። እና... በቀይ ትሎቹ መሀል እንደ ዓሣ ሽው የምትል፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ጅራቷ ሦስት!

ጩኸት ያመለጠኝ ያኔ ነው። ይቺን ፍጥረት አውቃታለሁ። ፈረንጆቹ በግንቦት ወር ስም ነው የሚጠሯት፤ ግንቦት አዲስ አበባ ላይ እንኳን እሷ ውሃውም አይገኝም። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ ስም የላትም። እኛ የካዛንቺስ ልጆች ግን ስም ነበረን። ሙሽሪት እንላታለን።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አመሻሽ ላይ፣ የእትዬ ዘይነባ በር አምፖል ሲበራ ትመጣለች። ክንፏ ቬሎ ነው፤ ስስ፣ ወደ ላይ የቆመ። ጅራቶቿ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይንሳፈፋሉ። ሚዜ የለም፤ ሁሉም ሙሽራ ናቸው! ነጠላ ዘርግተን ከአምፖሉ ሥር እንተኛና፣ ከላያችን ላይ እየወረዱ ፀጉራችን ላይ ሲቀመጡ «እኔን መረጠችኝ፣ እኔ ነኝ የማገባው» ተባብለን እንጣላ ነበር። ጠዋት ደጃፉ ላይ ተረፍርፈው እናገኛቸዋለን። ያኔ አልቅሰን እንቀብራለን። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር ነው ነገሩ የገባኝ፤ ወጣትነቷን ሁሉ ውሃ ውስጥ ታሳልፍና ክንፍ ስታወጣ አፏ አይበላም። ማለት፣ እንደ ድሮ ሙሽራ በገዛ ሰርጓ እህል አትቀምስም። ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላ አንዴ ልብስ ትቀይራለች፤ ከነፍሳት ሁሉ እንዲህ የምታደርግ እሷ ብቻ ናት። የመልስ ልብስ መሆኑ ነው። ስም ያወጣን ልጆች ምንም ሳናውቅ ነው፤ ግን ስሙ ልክክ ብሏል።

ቁም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ከሙሽሪት ወገኖች አንዷ፣ ቤቲስ የምትባለው፣ የወራጅ ውሃ ልጅ ናት። እሷ ባንተ ይቀጡ ውስጥ ተገኘች ማለት ወንዙ ነፍስ ዘራ ማለት ነው። ሌላዋ፣ ክሎኤን የምትባለው፣ የቆመ ውሃ ልጅ ናት፤ ኩሬ፣ ገንዳ፣ የትም ትኖራለች። ሁለቱ እህትማማች ይመስላሉ። የሚለዩት በልብስ ነው። ጎንና ጎናቸው ላይ የሚርገበገቡ መተንፈሻ ቅጠሎች አሏቸው፤ የወንዟ እያንዳንዱ ቅጠል ነጠላ ነው፣ የኩሬዋ ድርብ። በአጭሩ፣ አንዷ ነጠላ ለብሳለች፣ ሌላዋ ኩታ። ይሄን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ጥሩ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይፈልጋል። አጉሊ መነጽር ነበረኝ።

አጉልቼ ሳላይ ለዶክተር ፎቶ ላክሁ። ከሥሩም «ወንዙ ድኗል!» ብዬ ጻፍኩ። ከነቃለ አጋኖው።

እንድትቆይልኝ አልኮል ውስጥ ልጨምራት ስል፣ የያዝኩት አልኮል አልቋል። ሳይንስ ሲቸግረው ከመሸታ ቤት ይበደራል። ቄራ ቤታችን አጠገብ ካለች ሴትዮ ዳግም አረቄ ገዛሁ፣ በሽሮፕ ጠርሙስ ቀዳሁ፣ ሙሽሪትን ከነጅራቷ አጠለቅኳትና ፍሪጅ በር ላይ ከሎሚው አጠገብ አቆምኳት። ምንም አልጻፍኩበትም። ማን ይነካዋል ብዬ!

ዓርብ ማታ ዶክተር ደወለች። እናቴ ቲቪ ታያለች። ማለቴ፣ ድምፁን ቀንሳ እኔን ትሰማለች።

«አቤት ዶክተር... አዎ፣ ሙሽሪት ነው የምንላት... ወገኗን ገና አላወቅኩም... አዎ፣ ገብቶኛል ዶክተር፣ ወገኗ ካልታወቀ ነገሩ ያበቃለታል... እስከ ሰኞ? ... አይ፣ ከደህና ወገን ናት ብዬ አምናለሁ። ከቆሻሻ ቦታ ብትገኝም ከንጹህ ወገን ልትሆን ትችላለች እኮ... እሺ። እሺ ዶክተር። ደህና ይደሩ።»

ስልኩን ስዘጋ እናቴ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቲቪው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። «ምን ሆንሽ እማ?» «ምንም» አለች። እናቴ «ምንም» ካለች ተነስቶ መጠየቅ ነበር። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ገብቼ ተኛሁ።

እሷ ግን አልተኛችም። እኛ ቤት ልጅን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው፤ ለእትዬ ዘይነባ መደወል ግን ነውር አይደለም። በእሷ ስሌት ነገሩ ግልጽ ነው። ልጇን አንድ ዶክተር ሊያገባት ፈልጓል። ሰውየው ዘር ቆጣሪ ሆኖ «ወገኗ ካልታወቀ» ብሏል። አባቴ የሞተው ትንሽ ሆኜ ነው፤ ዘመዶቻችን ሩቅ ናቸው። «ልጄ በስልክ ‹ከቆሻሻ ቦታ ብገኝም ንጹህ ነኝ› ብላ ስትለማመጥ በጆሮዬ ሰማሁ!» ይሄንን ለእትዬ ዘይነባ ነገረች። ቀጥሎ ለጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ታደሰ ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የኖሩ የድሮ ባለ ላዳ ናቸው። ግድግዳው ጭቃ ስለነበር የእሳቸው ሳል እኛን ይቀሰቅሰናል፣ የእኛ ጭቅጭቅ እሳቸውን። አሁን ገላን ናቸው። «እዚያ ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው» ይላሉ ሲያማርሩ፤ «ሰው ይኑር አይኑር አታውቂም።» እናቴ «በአባት ቦታ ቁምላት» ስትላቸው ቅዳሜ በጠዋት፣ ጉንፋናቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን ለብሰው ቄራ ደረሱ።

ከእንቅልፌ ስነሳ ሳሎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ብርጭቆ አለ። ከብርጭቆው አጠገብ የሽሮፕ ጠርሙስ አለ። ባዶ።

«ጋሽ ታደሰ... ምንድነው የጠጡት?»

«መድኃኒት ነዋ። እናትሽ ሰጠችኝ። ጉሮሮዬን እንደ መጥረጊያ ጠረገችው!» አሉና ምላሳቸውን አጣጣሙ። «ጤና አዳሟ ግን ትንሽ ቆረፈፈችኝ።»

«ጤና አዳም አይደለችም! እግር አላት!»

«ማን?»

«ጅራት አላት! ሦስት!»

ጋሽ ታደሰ ብርጭቆውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ እናቴን። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች።

«ወገኗን ሳላውቅ ዋጧት እኮ!» ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «በቃ አለቀልኝ! ሰኞ ምን ልለው ነው!» ሪፖርቱን ማለቴ ነው። እነሱ የሰሙት ሌላ ነው።

«አየህ?» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «እንዲህ ነው ያደረጋት።»

ጋሽ ታደሰ ተነስተው በከባድ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ወገን ጠፍቶ አይቀርም» አሉኝ። ነፍሳቷን ዳግመኛ በሆነ መንገድ ላገኛት እንደምችል የነገሩኝ መስሎኝ በጣም ነው ያበረታቱኝ።

መረቤን ይዤ እየበረርኩ ወንዝ ወረድኩ። ቀይ ትል። ቀይ ትል። አንድ እግር ጫማ። ሰው ከድልድይ ላይ ሆኖ «እህት፣ ምን ጠፋሽ?» ሲለኝ «ሙሽሪት!» አልኩት፤ ሰውየው ፊቱን አማተበና ሄደ። እስከ እኩለ ቀን ጎተትኩ። የለችም። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ፣ እግሬ ወደለመደው ሄደ፤ እትዬ ዘይነባ ጋ።

«ልጄዋ!» አሉኝ ገና ከበሩ፤ ድምፃቸው የለቅሶ ድምፅ ነው። «አብሽሪ! እኛ እያለን!»

«እትዬ፣ መረቤን ልጠብ።»

በርሜሉ ጋ ሄጄ፣ ነከር። ራገፍ። ሳነሳው መረቡ ላይ አንዲት ሙሽሪት ትንፈራገጣለች። ጎንበስ ብዬ በርሜሉን አየሁ። ሽው። ሽው። ሽው። በርሜሉ ሙሉ ሙሽሪት ነው! ከአሸንዳ የወረደ፣ የቆመ፣ የሰፈራችን ውሃ። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ጎኗ ላይ ያሉትን ቅጠሎች አየሁ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልቸኩል አየሁ። ድርብ። ድርብ። ድርብ።

የሐሙሷ «ነከር» ያኔ ትዝ አለችኝ። ለካ ወንዙ ያወጣት የመሰለኝን ሙሽሪት ራሴ ነኝ ከበርሜል ቀድቼ፣ በእግሬ ተሸክሜ ወንዝ ያወረድኳት። «ወንዙ ድኗል!» ከነቃለ አጋኖው።

የተገለበጠ ባሊ ላይ ተቀመጥኩ። ታውቃላችሁ ምን አሰብኩ? ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ማስረጃው ጋሽ ታደሰ ሆድ ውስጥ ነው። ከበርሜሉ አንዷን ይዤ «ይኸው» ብል... ከዚያ የዶክተር መነጽር ወደ ግንባሯ ሲወጣ ታየኝ። እጄ ጭቃ ስለነበር ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን ከፍቼ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ከወንዝ አይደለችም የተገኘችው። ከበርሜል ናት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መነጽሩ ሲወጣ በስልክ ሰማሁት ብል አታምኑኝም።

«የት ያለ በርሜል?»

«ካዛንቺስ። የድሮ ሰፈሬ። አንዲት የቀረች ግቢ አለች።»

«ነገ እመጣለሁ። ወገኗን በዓይኔ ሳላይ አንዲት ነገር ላይ አልፈርምም።» ጠቅ።

ቀና ስል እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ቆመዋል። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«ሴት ናት እንዴ ዶክተሯ? የልጁ እናት ናት?»

«የማን ልጅ?»

«ትምጣ!» አሉ። «ወገኗን በዓይኔ ካላየሁ ነው ያለችው? ወላሂ ታያለች!»

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከበሩ ገባሁ። ግቢው ሰው ነው። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከገላን የመጡ አሉ፣ ከአያት የመጡ አሉ። ወንዶቹ ኮት፣ ሴቶቹ የሀገር ልብስ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም። በአንድ ግቢ እየኖሩ በቧንቧ ተራ ይናከሱ የነበሩት ሁሉ ተቃቅፈው ያወራሉ። ያኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ሞተ?» አልኩ እያለቀስኩ።

«አፍሽን ይቁረጠው!» አለች እናቴ። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። «ሂጂና ፀጉርሽን አበጥሪ፤ እንዲህ ሆነሽ ነው የምትታዪው?»

ልጠይቃት አፌን ስከፍት የቢሮው መኪና ቆመ። ዶክተር ሰናይት ወረደች። እጇ ላይ ሳጥን አለ፤ ማይክሮስኮፑ ነው። ሰዎቹ ሳጥኑን ሲያዩ ተገፋፉ፤ ጥሎሽ መስሏቸዋል። ዶክተር ለመቶ ሰው እጅ ነስታ፣ እንደ ልማዷ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ወገኗን ለማጣራት ነው የመጣሁት። የታለ?»

ጋሽ ታደሰ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በነገራችን ላይ ጉንፋናቸው ድኗል።

«እዚህ ነን» አሉ። «ተቀመጡ፣ ወይዘሮ። እኛ የምንናገረውን ሰምተው ይፈርዳሉ። ይቺ ልጅ ስትወለድ እልል ያልነው እኛ ነን። ኩፍኝ ሲይዛት በየተራ ያደርነው እኛ ነን።»

«ጡጦዋን የቀቀልኩት እኔ!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ማትሪክ ስትፈተን ቴፕ የዘጋነው ሰፈሩ በሙሉ ነን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «እኔማ ዶሮዬንም ሸጥኩት፤ እየጮኸ አላስጠናት ሲል!»

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ቤታችን ተነስቶ ይሆናል። የት ናችሁ ቢሉን አንዱ ገላን፣ አንዱ አያት ይሆናል። ወገን ግን አላት። ከዚህ የተሻለ ወገን አለኝ የሚል ካለ ይምጣና እንየው!»

ጭብጨባ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። ነገሩ ሁሉ፣ የእናቴ እንባ፣ «ወገን ጠፍቶ አይቀርም»፣ «አብሽሪ»፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር፤ መሬቱ ግን እዚያ ሰፈር ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ ሰልችቶታል መሰለኝ።

የዶክተር መነጽር ግንባሯ ላይ ወጣ። «ይቅርታ...» አለች። «እኔ የመጣሁት ስለ ነፍሳቷ ነው።»

«ነፍሷማ ንጹህ ናት!» አለች እናቴ።

ዶክተር እኔን አየችኝ። እኔ በርሜሉን በአገጬ አሳየኋት። በሕዝቡ መሀል አልፋ ሄደች፤ ሕዝቡም ተከተላት። በትንሽ ጭልፋ አንዷን አወጣች፣ ማይክሮስኮፑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ጎንበስ አለች። ግቢው ጸጥ አለ። ለአንድ ትል እንዲህ ያለ ጸጥታ ተደርጎ አያውቅም።

«ድርብ ናት» አለች ዶክተር። «ክሎኤን።»

«ክሎኤን ማን ነው?» አለች እናቴ። «አባቱስ ማን ይባላል?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዶክተር አለቃዬ ናት። ሙሽሪት ነፍሳቷ ናት። ወገን ማለት ጂነስ ማለት ነው። ሰኞ ማለት ሥራዬ ማለት ነው። ጋሽ ታደሰ፣ የጠጡት ጤና አዳም እሷ ናት።

እትዬ ዘይነባ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያመማቸው መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ከእሳቸው ወደ ጎን ተላለፈ፣ ከዚያ ወደ አግዳሚዎቹ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ታዲያ ዶክተሩ የለም?» አለች ቅር ብሏት።

ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን የለም። ምግቡ ተሠርቷል፤ ሰው ተሰብስቧል፤ ሰርግ አለመኖሩ ምን ያደርጋል? ተራ ገብተው በማይክሮስኮፑ አዩ። «ውይ፣ ዓይኗ!» «ይቺ ናት ያ ሁሉ ዓመት አምፖሉ ሥር ስትመጣብን የነበረችው?» ዶክተርን ሁለቴ አጎረሷት፤ ለሦስተኛው ራሷ አፏን ከፈተች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እትዬ ዘይነባ የበሩን አምፖል አበሩ። መጀመሪያ አንዲት መጣች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አምፖሉ ዙሪያ ሁሉ ቬሎ ሆነ። ድሮ ከአምፖሉ ሥር አብረውኝ ይተኙ የነበሩ ልጆች ሁሉ አሁን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ልጅ አዝላለች። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ነጠላ ተዘረጋ። ከነኮታቸው ተጋደሙ። «እኔን መረጠችኝ!» አለ አንዱ ራሰ በራው ላይ አርፋበት። «ፀጉር ያለው ነው የምትመርጠው፣ ዘወር በል!» አለችው ባለ ልጇ።

ዶክተር አጠገቤ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። አንዲት ሙሽሪት ግንባሯ ላይ ያለው መነጽር ላይ ተቀምጣለች፤ አልነገርኳትም።

«ወንዙ ገና ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«ሰኞ በሰዓቱ ግቢ። ጃኬትሽንም ወንበርሽ ላይ ተዪው፤ በየቀኑ ምን ያመላልሰዋል?» አለች። «መረብሽን ግን በቧንቧ!»

ጋሽ ታደሰ ብርጭቆ ይዘው መጡ። «እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር» አሉ ሆዳቸውን እየዳበሱ። «እኔ እንግዲህ በልቻታለሁ። የሙሽራው ወገን ነኝ የሙሽሪት?»

በሳምንቱ የእትዬ ዘይነባ ተራ ደረሰ። ዕቃ ለማውጣት ሁላችንም ሄድን። ቁም ሳጥኑ፣ ሶፋው፣ የቅመሙ ጣሳዎች፣ አምፖሏ ሳትቀር ተነቅላ በጨርቅ ተጠቅልላ አይሱዙው ላይ ወጣች። በመጨረሻ በርሜሉ ቀረ። የመኪናው ሹፌር «ድፉትና ጫኑት» አለ። ማንም አልደፋውም። አራት ሰው ከነውሃው ብድግ አድርጎ ጫነው። እኔና እትዬ ዘይነባ ግራና ቀኝ አቅፈነው ተቀመጥን። መኪናው ሲነሳ ውሃው ዋልል ብሎ ጭናችን ላይ ፈሰሰ። ድሮ ጓዳችን በነበረው ሳር አጠገብ ስናልፍ እትዬ ዘይነባ ዞረው አላዩም፤ ዓይናቸው በርሜሉ ውስጥ ነው። ብቻ ጎማው አንድ ጉድጓድ ሲገባ በመዳፋቸው የጋቢናውን ጣሪያ ደበደቡት።

«ቀስ በል አንተ!» ብለው ጮኹ። «ወገን ነው የጫንከው!»